ሰጥተው የማይጨርሱት ጋሽ ገብረጻድቅ

በየሰፈሩ ሰጥቶ የማይጨርስ አንድ ሰው አለ። አናውቅም እንዳትሉኝ። ጃንጥላ ይሰጣችኋል፤ ዝናብ ሲመጣ ሊዋሰው ከች ይላል። የጤና አዳም ችግኝ ይሰጣችኋል፤ በማግስቱ «ውሃ አጠጣችኋት?» ብሎ በር ያንኳኳል፤ በሳምንቱ ቅጠል ሊቀጥፍ ይመጣል፤ በወሩ ደግሞ «እዚህ ፀሐይ አላገኘችም» እያለ ከነአፈሯ ነቅሎ ይዟት ይሄዳል። ሌባ እንዳትሉት ሰጥቷል። ለጋስ እንዳትሉት ወስዷል። ለእንዲህ ያለው ሰው እስካሁን መጠሪያ ያልተገኘለት ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የእኛው ግን ስም አለው። ክቡር ጋሽ ገብረጻድቅ ይባላሉ፤ የአቃቂ ቃሊቲና የአካባቢዋ ጠቅላይ ሠዓሊ፣ የግድግዳዎች ሁሉ የበላይ ተቆጣጣሪ። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን። እሳቸውም አልተቃወሙም።

ጋሽ ገብረጻድቅ ዕድሜያቸውን የጨረሱት አቃቂ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የአንሶላ አበባ ሲነድፉ ነው። «በዚህ አገር በእኔ አበባ ላይ ያልተኛ ሰው ካለ እጁን ያውጣ» ይላሉ። ጡረታ ሲወጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው ወፍራም ነጭ ሸራ ሰጥተው ሸኟቸው። እሳቸውም ሸራውን ቆራርጠው፣ በእንጨት ወጥረው፣ ከአንሶላ አበባ ወደ ሥዕል ተሸጋገሩ። ሸራዎቹ ሲቆጠሩ ከሁለት እጅ ጣት አይበልጡም። የጋሽ ገብረጻድቅ ወዳጅ ግን ከቃሊቲ መናኸሪያ ጀምሮ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ድረስ ነው። ወዳጅ ብዙ፣ ሸራ ጥቂት። መከራችን ከዚህ ይጀምራል።

ሰው ሲያገባ ሥዕል ይሰጣሉ። ልጅ ክርስትና ሲነሳ ይሰጣሉ። ተማሪ ሲመረቅ፣ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቁልፍ ሲረከብ ይሰጣሉ። ሸራ ሲያልቅባቸው ወደ አሮጌው ደስታ ቤት ተመልሰው ይሄዱና ሥዕሉን ከሚስማሩ ያወርዱታል፤ ነጭ ቀለም ያለብሱታል፤ በላዩ ላይ አዲስ ይሥሉና አዲሱ ደስታ ቤት ያደርሱታል። እንደ እቁብ መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ዕጣ የወጣለት ሰው ይከፍላል እንጂ አይቀበልም። አንዱን ሸራ እኔ ራሴ አውቀዋለሁ፤ ፏፏቴ ሆኖ ሠርግ ገብቷል፣ ግመል ሆኖ ተመርቋል፣ የሙዝ ዘለላ ሆኖ ኮንዶሚኒየም ደርሶታል። ከተደራረበበት ቀለም ብዛት የተነሳ አሁን ሁለት ሰው ካልያዘው አይነሳም።

«ጋሼ፣ አዲስ ሸራ ለምን አይገዙም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«የሱቅ ሸራ?» አሉኝ፣ የታመመ በግ ልሽጥልዎ ያልኳቸው ይመስል። «የሱቅ ሸራ እንግዳ ነው፣ ልጄ። የእኔ ሸራ ደስታ ቤት ውሎ ያደረ ነው። ጠባይ ያውቃል።»

እንዲያም ሆኖ ፍትሐዊ ሰው ናቸው፤ ሀሰት ምን ያደርጋል። ሰው የሚያየውን ሥዕል አይነኩም። የሚወስዱት «ዓይን የጠገበውን» ብቻ ነው። መጥገቡን የሚያጣሩት ደግሞ በፈተና ነው። እቤት ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ የቀረበላቸውን ይቀምሳሉ፣ የልጆቹን ጤንነት ይጠይቃሉ። ከዚያ በድንገት «ጀርባ ለግድግዳ!» ይላሉ። የቤቱ ባለቤት ለሥዕሉ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ጥያቄ ይከተላል። ግመሉ ወዴት ነው የሚያየው? ከሙዞቹ ጠቆር ያለው የትኛው ነው? ፏፏቴው ሥር ያለችው ወፍ ጠጥታለች ወይስ ልትጠጣ ነው? ሦስቱን የሳተ ሰው ፍርዱን ይሰማል፦ «ዓይናችሁ ጠግቦታል። ሚስማሩን ተዉት፣ ወደፊት ይጠቅማል።»

እምቢ ለምን አትሉም ትሉኝ ይሆናል። ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድመው ደርሰው ድንኳን የሚወጥሩ ሰውዬን እስቲ እናንተ እምቢ በሏቸው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ጎረቤት ሲፈተን ማየት የሚጠላ ሰው የለም።

የአቶ ሀብተሚካኤልን ጉድ ያልሰማ የለም። አቶ ሀብተሚካኤል ቱሉ ዲምቱ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የተሰጠው ሥዕል ደግሞ የራሱ የሠርግ ሥዕል ነበር፣ እሱና ባለቤቱ ፍቅርተማርያም። «ይሄማ ምን ፈተና ነው» ብሎ እየሳቀ ጀርባውን ሰጠ።

«ፍቅርተማርያም በየትኛው ጎንህ ናት?» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ።

«በቀኜ።»

ጋሽ ገብረጻድቅ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«በግራዬ ማለቴ ነው።»

«እሺ። ቆማለች ወይስ ተቀምጣለች?»

«ቆማለች! ይህችን እንኳ አልስታትም። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ቆማለች።»

ይሄኔ ፍቅርተማርያም ጭልፋዋን እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ተቀምጫለሁ፣ ሀብትሽ» አለችው። «ሥዕሉ ላይ ተቀምጫለሁ። ለነገሩ አይፈረድብህም፣ እቤት ውስጥ መቼ አስቀመጥከኝና!»

ሚስቱን የሳተ ሰው ሦስት እስኪሞላ አይጠበቅም ተብሎ ሥዕሉ በዚያው ቀን ወጣ። አቶ ሀብተሚካኤል ደግሞ ከባዶው ሚስማር ሥር፣ ሶፋ ላይ ሰነበተ ይባላል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ። ሰፈሩ ሁሉ ተማሪ ሆነ። ባል ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ሥዕሉ ፊት ይገተራል። እናት ልጇን «ሒሳብሽን ሠራሽ?» ማለት ትታ «የግመሉን ኮርቻ አየሽ?» ትላለች። ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አይቼ ጸሎት መስሎኝ ጠጋ ብል፣ «ሦስት ጠቆር ያሉ፣ አንዱ የተላጠ» ትላለች፤ ለካ ሙዝ ነው። እንዲህ ሆኖ ጋሽ ገብረጻድቅ የሄዱበት ቤት ሁሉ የሚያልፍ ሆነ። እሳቸውም መበሳጨት ጀመሩ። «ሰፈሩ በሙሉ ጎበዝ ሆነብኝ! ሸራ ከየት ላመጣ ነው?»

ያልተፈተንኩት እኔ ብቻ ቀረሁ።

ማህሌት እባላለሁ። ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ ልጄ ሃሌሉያ መጣች። ባሌ ፊሮምሳ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺፍት ይሠራል፤ እኔ እዚያው መንገድ ዳር፣ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቁርስ እሸጣለሁ። ፉል፣ ፍርፍር፣ ፈጢራ፣ ሻይ። የከፈትኩ ዕለት ጋሽ ገብረጻድቅ ከበሩ የሚሰፋ ሸራ በጎን አስገብተው ሰቀሉልኝ። አየሁት። ትልቅ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ግንባሩ ላይ «ማህሌት ምግብ ቤት» ይላል። ቢጫ ወንበሮች፣ ጥላ ያለው ዛፍ፣ ዛፉ ሥር የቆመ መኪና፣ ከመኪናው ወዲህ ደግሞ የልጆች ሸርተቴ። ሸርተቴው ላይ ፀጉሯ እንደ ሃሌሉያ የተንጨበረረ ልጅ እጇን ዘርግታ ትወርዳለች።

ቆርቆሮ ቤቴን አየሁ። መልሼ ሥዕሉን አየሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ የማን ቤት ነው?»

«ያንቺ ነዋ። ቀለሙ ስላልደረቀ ነው እስካሁን ያልገባሽበት።»

ሌላው ሰው ሥዕል ለጌጥ ይሰቅላል። እኔ የሰቀልኩት ለሥራ ነው። ወንበር ስገዛ ሥዕሉ ላይ ያለውን ዓይነት ቢጫ ፕላስቲክ ገዛሁ። ምድጃውን ሥዕሉ ላይ ጭስ ከሚወጣበት ጎን አዞርኩት፤ እውነትም ጭሱ ደንበኛ ላይ መሄድ አቆመ። ዛፉ በተሣለበት ልክ የዘይቱን ችግኝ ተከልኩ። ሰው ፕላን በመሐንዲስ ያስነሳል፤ የእኔ መሐንዲስ የአንሶላ ሠዓሊ ነበሩ፣ ምን ታደርጉታላችሁ። ደከመኝ፣ ልተወው፣ ያልኩ ቀን ቀና ብዬ ፎቁን አያለሁ። ደንበኞቼም ለምደውታል። «ማህሌት፣ ዛሬ ፎቅ ላይ አታስቀምጪንም?» ሲሉኝ «ፎቁ እድሳት ላይ ነው፣ ለጊዜው ምድር ቤት ታገሱ» እላቸዋለሁ።

ታዲያ ይህን ሥዕል ማን ያስነጥቃል? ፊሮምሳ ከሺፍት በመጣ ቁጥር እያዛጋ ይፈትነኛል።

«የመኪናው ቀለም?»

«ጥቁር ሰማያዊ።»

«ጎማው ስንት ይታያል?»

«አንድ ተኩል። ግማሹን ዛፉ ጋርዶታል። ጋሼ ጎማ ስለማይሆንላቸው ነው ዛፉን እዚያ ያመጡት።»

«በቃ፣ አልፈሻል። አሁን ልተኛ?»

እንዲህ ተዘጋጅቼ፣ የሌሊት ሠራተኞች ከሰርቪስ ወርደው ቤቱን ሞልተውት ሳለ፣ ጋሽ ገብረጻድቅ አንድ ጠዋት ገቡ። ፉል አቀረብኩላቸው፤ አልነኩትም። ሻይ አልኩ፤ እምቢ አሉ።

«ደስታ መጥቷል» አሉ።

«የማን ደስታ፣ ጋሼ?»

በአገጫቸው ወደ ጓዳ አመለከቱ። እዚያ ዕቃ የምታጥብልኝ ሙሉአለም ናት። ቤቱን ስከፍት ጀምሮ አብራኝ የምትሠራ፣ ከሩቅ አገር የመጣች፣ እናትም አባትም የሌላት ልጅ። ያሳደገቻት አክስቷም አርፋለች። አንድ ትሑት በያጅ ሊያገባት ነው። ሠርጉ ላይ በእሷ ወገን የሚቀመጠው ዘመድ እኔ፣ ባሌ፣ ሃሌሉያና ቢጫ ወንበሮቼ ነን።

ሙሉአለም ስሟ ሲነሳ ሰምታ፣ እስከ ክርኗ አረፋ እንደሆነች ወጣች። «ጋሼ ይሙቱ፣ እኔ አልፈልግም! ምን ግድግዳ አለኝ? የተከራየነው ቤት ጭቃ ነው፣ ሚስማር ሲመቱበት ይናዳል። የማህሌትን እንዳይነኩባት።»

«አንቺን የጠየቀሽ የለም፣ ሙሽሪት» አሏት። ወደ እኔ ዞሩ። «ጀርባ ለግድግዳ።»

ዞርኩ። ሁሉንም አውቀዋለሁ፤ ከጎማው እስከ ደመናው። ከፊት ለፊቴ የቆመችው ሙሉአለም ናት። ራሷን ትነቀንቅልኛለች፦ በደንብ መልሺ፣ አደራ፣ እንዳትስቺ። በሕይወቷ የራሷ የሚባል አንድ ስጦታ ሊመጣላት ነው፤ እሷ ደግሞ እንዲቀርባት ትለምነኛለች። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ያ መነቅነቋ ነው።

«የወንበሮቹ ቀለም?» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ።

ደንበኛው ሁሉ የተቀመጠበት ወንበር ማለት ነው። መልሱ ከሁሉም መቀመጫ ሥር አለ።

«አረንጓዴ» አልኩ።

«እንዴ!» አለ ቤቱ። አንዲት የሌሊት ሠራተኛ ከተቀመጠችበት ተነስታ ወንበሯን በሁለት እጇ አንስታ ታወዛውዝልኝ ጀመር።

«ወንበሩን አስቀምጪ፣ ኩረጃ የለም!» ብለው ጮኹባት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማህሌት፣ ረጋ ብለሽ አስቢ» አሉኝ።

«አሰብኩ ጋሼ። አረንጓዴ።»

«ቤቱስ? ፎቅ ነው ወይስ ምድር ነው?»

«ምድር።»

«ማህሌት!» አለ በየቀኑ ስለ ፎቁ የሚያሾፍብኝ ደንበኛ፣ እንጀራውን የነጠቅኩት ይመስል።

ጋሽ ገብረጻድቅ በፈተናቸው ታሪክ ተሰምቶ የማይታወቅ ጥያቄ ጠየቁ። «እሺ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሥዕሉ ላይ ቤት አለ ወይስ የለም?»

«አለ!» አለ ቤቱ በአንድ አፍ።

«የሚመልሰው ተፈታኙ ነው!»

ቁጣቸው ላይ ዘወር ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው አይቆጣም። ይለምናል። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እኚህ ሰውዬ ሸራውን ሊወስዱ መጥተው፣ እኔ እንዳልፍባቸው እየጸለዩ ነው። እለፊ ልጄ፣ ባዶ እጄን ልሂድ፣ እያሉኝ ነው።

«ግመል ነው መሰለኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

የሳቀ የለም። ሙሉአለም አረፋ እንደሆነች ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ጋሽ ገብረጻድቅ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ፍርዳቸውን እንጠብቅ ነበር፤ አልወጣቸውም። «ያዥው በዚያ በኩል» ብቻ አሉኝ።

ሸራውን ይዘን ወጣን፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የዚያን ቀን ነፋስ ነበር፤ ተሳቢ መኪና ባለፈ ቁጥር ቤቴ ይነፋና እሳቸውን ወደ አስፋልት፣ እኔን ወደ ቦይ ይወስደናል። አንድ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እናት፣ ፎቁን የት ልታወርጂው ነው? ግቢ፣ ለሱም ቦታ አለ!» አለኝ። መጨረሻ ላይ እሱው ጣሪያ ላይ ጭኖ አቃቂ አደረሰን።

እቤታቸው ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። የሰፈሩን ግድግዳ ሁሉ የሚቆጣጠሩት ሰውዬ ግድግዳቸው ላይ ምንም የለም። ሸራውን አቆሙት፣ የነጩን ቀለም ጣሳ ከፈቱ፣ ሰፊውን ብሩሽ ነከሩ። ከዚያ ቆሙ። ቀለሙ ከብሩሹ ጫማቸው ላይ ይንጠባጠባል።

«ይጀምሩ እንጂ፣ ጋሼ።»

«እጀምራለሁ።» አልጀመሩም። «እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እጄ እምቢ ይለኛል» አሉ ወደ እኔ ሳይዞሩ። «ሌላ ጊዜ ሰው ስለማያየኝ ትንሽ አለቅስና እቀባዋለሁ። ዛሬ ደግሞ አንቺ መጥተሽ ቆምሽብኝ።»

እኛ እኮ በደስታ የሚያጠፉት ይመስለን ነበር። ሰፈር ሙሉ ሰው፣ ስንት ዘመን።

ብሩሹን ተቀበልኳቸው። ሥራ ሥራ ነው። በመኪናው ጀመርኩ። «መኪናው ይቆይ፣ ታክሲ አለ» አልኩ። ጋሽ ገብረጻድቅ በአፍንጫቸው ሳቁ። ዛፉን ቀባሁት፤ ችግኜ በቅሏል። ወንበሮቹን ቀባኋቸው፤ ገዝቻቸዋለሁ። ፎቁ ላይ ስደርስ ቀስ አልኩ፤ አንዱን መስኮት፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀጥሎ ስሜን። ሸርተቴው ላይ ቆምኩ። ልጅቷ እጇን ዘርግታ እየወረደች ነው። አላስቻለኝም።

ጋሽ ገብረጻድቅ ብሩሹን ከእጄ ወሰዱ። «ልጅሽ እቤት አለች» አሉኝ። «ይሄ ቀለም ነው።» ከዚያ ቀስ አድርገው፣ የሕፃን ፊት እንደሚያጥብ ሰው፣ እሳቸው ሸፈኗት።

ሠርጉ የቆርቆሮ ቤቴ ውስጥ ሆነ። የጭቃው ግድግዳ ሚስማር ስለማይዝ ሙሽራው ራሱ የብረት መቆሚያ በይዶ አምጥቷል። ጋሽ ገብረጻድቅ ሥዕሉን የሸፈነውን ጨርቅ ገለጡት።

ረጅም ማዕድ ነው። መሐል ላይ ሙሉአለም በነጭ ልብስ። በእሷ ወገን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ዘመድ ሞልቷል። የሌሊት ሺፍት ልጆች አሉ። ያ የሚኒባስ ረዳት ክራባት አድርጎ አለ። አቶ ሀብተሚካኤል አለ፤ ቆሞ ያስተናግዳል፣ ፍቅርተማርያም ተቀምጣለች። እኔም አለሁ፣ ሽርጥ የለኝም፤ ሰው ያቀረበልኝን እየበላሁ ነው። አቶ ሀብተሚካኤል ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ሲያጠና ቆየና «አሁን ይጠይቁኝ» አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀበት። ሙሉአለም ግን አልሳቀችም። እያንዳንዱን ፊት በጣቷ፣ ሳትነካ፣ አንድ በአንድ ትከተል ነበር።

ሙሽሮቹ ሊሄዱ ሲሉ ወደ ጆሮዋ ተጠጋሁ። «በየቀኑ እዪው» አልኳት። «የማን ብርጭቆ ባዶ እንደሆነ፣ ማን ወደማን እንደሚያይ ሁሉንም ያዥ። አንድ ቀን ጋሼ ይመጣሉ። ሲመጡ እንዳትወድቂ።»

«አልወድቅም» አለችኝ።

መኪናው ሊነሳ ሲል መስኮቱን መታሁባት። ዝቅ አደረገችው።

«ሙሉዬ» አልኳት፣ «ጋሼ ሳይመጡ ከቆዩብሽ ግን ቶሎ ደውዪልኝ፤ ሄደን እንጠይቃቸዋለን።»